የሚያጠፋው መንታው ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ጂማ የሚሄድ ተሳፋሪ ወልቂጤን አልፎ፣ የግቤን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ሰኮሩን ከተሻገረ በኋላ የግልገል ግቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ብቅ ይልለታል። አውቶቡሱ ውስጥ ያንቀላፋው ሁሉ ነቅቶ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። ቀጥሎ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ከዚያም ጂማ ይደረስና ሐይቁ ይረሳል። ውኃው ግን እዚያ አይቀርም። ከግድቡ ወጥቶ ተርባይን ካሽከረከረ በኋላ እንደገና ተጠልፎ ወደ ተራራ ሆድ ይገባል። በፎፋ ተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና በወዲያኛው በኩል፣ የኦሞ ሸለቆ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርውሮ የግልገል ግቤ ሁለትን ተርባይኖች ይመታል። 420 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተገኘው ከዚህ ውርወራ ነው።

26 ኪሎ ሜትር ከጂማ ተነስቶ ሰርቦን አልፎ እንደ መሄድ ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ ሁሉ ከተራራ በታች መሆኑ ነው። የቡናው አገር ሰው ስለ ግቤ ሲያወራ ስለ ግድቡና ስለ መብራቱ ያወራል። እኔን የሳበኝ ግን ዋሻው ነበር። ተራራው ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድሞ ያየ ሰው አልነበረም፤ ያወቁት እየቆፈሩ ነው።

የግንባታ ውሉን በ1996 ዓ.ም. የያዘው የጣሊያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ነበር። ሁለት ግዙፍ የዋሻ መቆፈሪያ ማሽኖች፣ አንዱ ከመግቢያው ሌላው ከመውጫው ተነስተው፣ ተራራው መሐል ሊገናኙ ታቀደ። እንዲህ ያለው ማሽን ፊቱ ላይ በሚሽከረከር የብረት ገበታ ዐለቱን እየፋቀ ይሄዳል፤ ከኋላው ደግሞ የቆፈረውን ቀዳዳ በኮንክሪት ቀለበት እየሸፈነ ይከተላል። ዐለቱ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ሥራው አሰልቺ ነው፤ መሐንዲሶችም የሚመኙት አሰልቺ እንዲሆን ነው።

1999 ዓ.ም. በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አሰልቺነቱ አበቃ። ከመግቢያው በኩል የሚቆፍረው ማሽን አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ከገባ በኋላ ከአንድ የመሬት ስብራት ጋር ተገናኘ። በስብራቱ ውስጥ ያለው ዐለት ለብዙ ዘመን ውኃ እየጠጣ ላልቶ ወደ ጭቃ ተለውጧል። የተራራው ክብደት ሁሉ ከላይ ተጭኖት ነበርና መውጫ ሲያገኝ ወደ ዋሻው ገነፈለ፤ ያን የሚያህለውን ማሽንም ወደ ኋላ ገፋው። የተለካው ግፊት እስከ 40 ባር ደርሶ ነበር፤ ባሕር ውስጥ 400 ሜትር የጠለቀ ሰው የሚሸከመውን ያህል ማለት ነው። በሙያው ጽሑፎች ውስጥ ይህ አጋጣሚ በዋሻ ቁፋሮ ታሪክ ከታዩት እጅግ አስቸጋሪ ፈተናዎች እንደ አንዱ ተመዝግቧል።

ማሽኑን ለማላቀቅ በጎኑ ማለፊያ ዋሻ መቆፈር፣ ከጭቃው ጀርባ የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ፣ መሬቱን ማጠንከር ግድ ሆነ። ሥራው ከታሰበው በላይ ዓመታት ፈጀ። በጥር 2002 ዓ.ም. ጣቢያው ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሳይቆይ ከዋሻው 15 ሜትር ያህሉ ተደርምሶ ውኃው ቆመ፤ ጥገናው አልቆ ኃይል ማመንጨት የቀጠለው በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። በዚያ ዋሻ ውስጥ ሰው ዐለት ሊወድቅበት፣ ጭቃ ሊውጠው፣ ውኃ ሊወስደው ይችላል። ሊጠፋ ግን አይችልም። ለጭቃው ሲባል ከተቆፈረችው ማለፊያ በቀር መስመሩ አንድ ነው። ባትሪው የጠፋበት ሠራተኛ ግድግዳውን እየዳሰሰ ከሁለቱ አቅጣጫ አንዱን ይይዛል፤ ይርቀው ይሆናል እንጂ መንገዱ የሚወስደው ወደ አፉ ነው። በኢትዮጵያ ከተቆፈሩት ረጃጅም ዋሻዎች አንዱ ውስጥ መጥፋት ካልተቻለ፣ ታዲያ ሰውን ከመሬት በታች የሚያጠፋው ምንድን ነው?

ለመጥፋት የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል

ጥያቄውን ይዤ መጀመሪያ የፈለግሁት እዚያው ሰፈሬ ነበር። የጂማ፣ የአጋሮ፣ የሊሙ ገነትና የቦንጋ ምድር በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ባዛልትና ዘመዶቹ። ቡናው የሚወደው ቀይ አፈር የዚያ ድንጋይ ብስባሽ ነው። ባዛልት ዝናብ ሲበዛበት ይሰነጠቃል፣ ይላላል፣ አፈር ይሆናል፤ እንደ ጨው ግን አይሟሟም። ስለዚህ ውኃ በውስጡ ረጅም የተጠላለፈ ቤት ሊሠራበት አይመችም።

በእንዲህ ያለ አገር ጫካ ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የገደል ጥላ ነው። ላዩ ጠንካራ ንብርብር፣ ታቹ ለስላሳ ይሆንና ለስላሳው ተበልቶ ጣራ ያለው መጠለያ ይቀራል። ንብ አናቢና ከብት ጠባቂ ዝናብ ሲመጣ ይጠለልበታል። አርኪዮሎጂስቶችም ይፈልጉታል፤ ኤሊዛቤት ሂልደብራንድና ስቲቨን ብራንት የመሩት ቡድን በከፋ ጫካ ውስጥ እንዲህ ያሉ መጠለያዎችን እየፈለገ ቆፍሯል። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በጋሞ ደጋ፣ የአገር ሽማግሌዎች ያሳዩት ሞታ የተባለ ዋሻ በ2004 ዓ.ም. ሲቆፈር 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው አጽም ተገኘ። ከአጽሙ የተነበበው የዘር ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ ከአፍሪካ የጥንት ሰው አጽም ሙሉ የዘር ንድፍ ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር።

እነዚህ መጠለያዎች ብዙ ነገር ያስገኛሉ፤ ሰው ግን አያጠፉም። ለመጥፋት የሚሟሟ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ እሱም ያለው ወደ ምሥራቅ፣ ባሌ ነው። በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር የዛሬዋን ኢትዮጵያ ብዙ ክፍል ሸፍኖ ነበር፤ የባሕሩ ወለል ላይ የተከማቸው ዝቃጭ የኖራ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ጂኦሎጂስቶች በትግራይዋ ሕንጣሎ ስም አንታሎ ይሉታል። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀበል ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህ አሲድ ወደ ኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ሲገባ ግድግዳውን ጥቂት በጥቂት ያሟሟል። ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲቀጥል ፀጉር የማያስገባው ስንጥቅ ሰው የሚቆምበት መተላለፊያ ይሆናል።

የወይብ ወንዝ የሚገባበት

የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከሮቤ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በግምት 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በግራና በቀኝ ገደል አጅቦት ሲሄድ ድንገት ሸለቆውን ትቶ ወደ ኮረብታ ይገባል። የሚገባበትን የአካባቢው ሰው አይው ማኮ፣ የሚወጣበትን ሁሉቃ ይለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው።

ዋሻው ስሙን ያገኘው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ተጠልለው ያስተማሩ ናቸው ከሚባሉት ከሼክ ሶፍ ዑመር አህመድ ነው። ከእስልምና በፊትም የአካባቢው ሕዝብ የሚያከብረው ስፍራ እንደነበር ይነገራል። ዛሬም ምእመናን ለዝያራ ይመጣሉ፤ በባሌ ከሚገኘው ከድሬ ሼክ ሁሴን የዝያራ ስፍራ ጋር ስሙ አብሮ ይነሳል፤ ጫፉ መንታ የሆነውን የሼክ ሁሴንን በትር የያዙ መንገደኞችም በዚህ አገር ብርቅ አይደሉም። መንደሩ ከዋሻው በላይ ነው፤ ነዋሪው ወደ ወንዙ የሚወርደው በዋሻው አፍ በኩል ነው።

ስለዚህ ሶፍ ዑመርን «ያገኘው» የውጭ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካዊው ሐኪምና ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ቱርካና፣ በሚያደርገው ጉዞ በዚህ በኩል አለፈ። በዋሻው አዳራሾች ተደንቆ ዊንድላውን የሚል የራሱን ስም ሰጠው፤ በ1897 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ለዓለም አስተዋወቀው። ስሙ አልጸናም፤ ስም የነበረው ቦታ ስም አይፈልግምና። የስሚዝ ጽሑፍ ግን አንድ ነገር ሳይነካ ቀረ። ዋሻው ትልቅና ውብ መሆኑ ታወቀ፤ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚከፈል ግን ገና በወረቀት አልወረደም።

ያንን ለማወቅ ሰባ ስምንት ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ ዋሻ አጥኚዎች ቡድን ኢትዮጵያ መጥቶ ዋሻዎችን ሲለካ ዋናው ሥራው ሶፍ ዑመር ነበር። በተከታዩ ዓመት ካትሊንና ባልደረቦቹ ስለ ኢትዮጵያ ዋሻዎች ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው።

ዋሻን መለካት ምን እንደሚመስል ማወቅ ውጤቱን ለመረዳት ይረዳል። ከላይ የሚያይ ሳተላይት የለም፤ ምልክት የሚቀበል ስልክም ከዐለት በታች ዋጋ የለውም። አንዱ ሰው ባትሪ ይዞ ወደ ፊት ይሄድና ከዓይን ሳይሰወር ይቆማል። ሌላው በሜትር ርቀቱን፣ በኮምፓስ አቅጣጫውን፣ በሌላ መሣሪያ ከፍታና ዝቅታውን ይለካል፤ ሦስተኛው ይጽፋል፣ ይሥላል። ከዚያ ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሸጋገራሉ። በአንድ መስመር ዋሻ ውስጥ ሥራው ቀላል ነው። መንገዱ በየጥቂት ሜትሩ በሚከፈልበት ዋሻ ግን እያንዳንዱ መንታ ላይ ተመልሶ መምጣትና ያልተሄደበትን መሄድ ያስፈልጋል። ዞሮ ከተነሱበት ነጥብ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመርም እዚያው መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል ማለት ነው።

ልኬታው ሲያልቅ የተገኘው ቁጥር 15.1 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በኢትዮጵያ ከታወቁት የተፈጥሮ ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ። ወደ ውጭ የሚያወጡት አፎችም 42 ሆኑ። ይህ ቁጥር የሚያስደንቀው ከሌላ ቁጥር ጎን ሲቀመጥ ነው። ወንዙ ከአይው ማኮ እስከ ሁሉቃ ከመሬት በታች የሚሄደው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ውኃው ለዚያች አጭር ጉዞ አሥር እጥፍ መንገድ ከፍቷል ማለት ነው።

ወንዝ አይመርጥም

ለምን? ካርታው ራሱ ፍንጭ ሰጠ። መተላለፊያዎቹ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዙ አይሄዱም፤ በብዛት ቀጥ ይላሉ፣ ይቋረጣሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። የኖራ ድንጋዩ አስቀድሞ በተለያየ አቅጣጫ ተሰንጥቆ ነበር፤ ውኃው የተከተለው እነዚያን ስንጥቆች ነው። አሜሪካዊው ጂኦሎጂስት አርተር ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ተጠላለፉ ዋሻዎች አፈጣጠር ሲጽፍ ያብራራው ነገር እዚህ ይረዳናል። ተራ ወንዝ በተራ ቀን ከብዙ ስንጥቆች ሰፊውን ይመርጥና እሱን እያሰፋ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ይቀራሉ። ጎርፍ ሲመጣ ግን ዋናው መንገድ ይጠበዋል። ውኃው ይቆማል፣ ይጠራቀማል፣ በግፊት ወደ ጎን ወዳሉት ስንጥቆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል። እያንዳንዱ ስንጥቅ አዲስ አሲዳማ ውኃ ስለሚደርሰው እኩል ይሰፋል። ጎርፉ ሲያልፍ መረቡ ይቀራል።

የፈለግሁት መልስ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ወንዝ መንታ ላይ ሲደርስ አይመርጥም፤ ሁሉንም ይሄዳል። ሰው ግን አንድ አካል ስላለው መምረጥ አለበት። የፎፋ ተራራ ዋሻ ሰው ያወጣው ነው፤ ሰው ሲቆፍር መድረሻውን ስለሚያውቅ አንድ መስመር ይበቃዋል። የሶፍ ዑመር ዋሻ መድረሻ ሳይኖረው በጎርፍ የተቆፈረ ነው።

ዋሻው ውስጥ መሪ ይዤ ስገባ ይህን በእግሬ ተረዳሁት። በመንደሩ በኩል ከሚወርደው አፍ ገብተን ብርሃኑ ከኋላችን ሲቀር፣ ባትሪው የሚደርስበት ሁሉ ዓምድ ሆነ። ቤት የሚያቆሙ የሚመስሉት እነዚህ ዓምዶች ጠብታ እየደረቀ የሠራቸው አይደሉም፤ በዙሪያቸው ያለው ድንጋይ ሲሟሟ ሳይሟሙ የቀሩ ናቸው። በዓምዶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በር ይመስላል። ወጣቱ መሪ ጥቂት ርምጃ በሄድን ቁጥር ይቆምና ፊቱን ያዞራል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ወደ ኋላም እያዩ ይሂዱ፤ ሲመለሱ የሚያዩት ያንን ነው» አለኝ።

ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ ግን ጥልቅ ነው። ወደ ውስጥ ስንሄድ መንታው ከፊታችን ሲከፈል እናየዋለን። ስንመለስ ግን መንታ የሚሆነው ስንገባ ከጎናችን መጥቶ የገጠመ ሌላ መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስናልፍ አላየነውም። ሲገባ አንድ መንገድ የነበረው ሲመለስ ሁለት ይሆናል። ባትሪ ደግሞ እንደ ፀሐይ ከላይ አያበራም፤ ከእጅ ተነስቶ ስለሚያበራ የዓምዱ ጥላ ሲገባና ሲወጣ የተለያየ ነው። ያንኑ ድንጋይ ሁለት ጊዜ አይቶ ሁለት ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል።

ግድግዳውን ይዘህ ሂድ

ከመሬት በታች መጥፋትን ሲያስቡ ብዙ ሰዎች አንድ መፍትሔ ይሰጣሉ፤ «እጅህን ግድግዳው ላይ አድርገህ ሂድ» ይላሉ። በኢትዮጵያ ይህን የሞከረ ብዙ ሰው አለ። ላሊበላ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ከቤተ መርቆሬዎስ የሚያገናኘው ጨለማ መተላለፊያ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል፤ ተሳላሚው መብራት ሳይዝ፣ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ አንዱን እጁን ከጭንቅላቱ በላይ ዘርግቶ ያልፈዋል። ዘዴው እዚያ ይሠራል፤ መንገዱ አንድ ነውና።

ዓምድ ባለበት ዋሻ ግን ይኸው ዘዴ ወጥመድ ይሆናል። መብራት የጠፋበት ሰው እጁን ያሳረፈው ከዋሻው ዳር ሳይሆን መሐል ላይ ከቆመ ዓምድ ከሆነ፣ ግድግዳውን ሳይለቅ እየተከተለ ያንኑ ዓምድ ሲዞር ይውላል። ወደ ፊት የሄደ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ክብ እየሠራ ነው። ግድግዳውን ቢለቅስ? በጀርመን ማክስ ፕላንክ ተቋም ያን ሱማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ዓይናቸው ታስሮ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ የተጠየቁ ሰዎች ብዙም ሳይርቁ፣ አንዳንዴም ስፋቱ 20 ሜትር በማይሞላ ክብ ውስጥ ይዞሩ ነበር፤ ቀጥ ብለው እየሄዱ እንደሆነ ግን እርግጠኞች ነበሩ። ጫካ ውስጥም ፀሐይ በደመና ስትሸፈን ያው ሆኗል። በከፋና በሸካ ጫካ ማር ለመቁረጥ ወይም የጫካ ቡና ለመልቀም ገብቶ ጭጋግ የወረደበት ሰው ይህን ከጥናቱ በፊት ያውቀዋል። ልዩነቱ ጭጋግ ይነሳል፤ ዋሻ ግን አይነጋም።

አለመንጋቱ ደግሞ ሌላ ነገር ያጠፋል፤ ጊዜን። ፈረንሳዊው ጂኦሎጂስት ሚሼል ሲፍር እ.ኤ.አ. በ1962 ሰዓት ሳይዝ በአልፕስ ተራራ ዋሻ ሁለት ወር ተቀመጠ። ሴፕቴምበር 14 ሲያወጡት እሱ ኦገስት 20 ገደማ ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ከአእምሮው ጠፍቷል። ባትሪው እያለቀ ያለ ሰው «ገና ግማሽ ሰዓት ነው» እያለ ሦስት ሰዓት ሊያሳልፍ የሚችለው ለዚህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የፓሪስ ከተማ ከሥሯ ባለው የድንጋይ መቆፈሪያ ዋሻ አይታዋለች። መንገዶቹ በድምሩ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1786 ጀምሮ ከከተማዋ መቃብሮች የወጣ የሚሊዮኖች አጽም በከፊሉ ተከማችቷል። ፊሊቤር አስፔር የተባለ የቫል ደ ግራስ ሆስፒታል በረኛ በ1793 ብቻውን ወደዚያ ወርዶ ቀረ። ሬሳው የተገኘው ከ11 ዓመት በኋላ ነው፤ የለዩት ወገቡ ላይ በነበሩት ቁልፎች ነበር። የሆስፒታሉን በሮች ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ለመንታ መፍትሔ ያወጣውም ፈረንሳዊ ነው። ትሬሞ የተባለ ሰው የነገረውን የሒሳብ ሊቁ ኤድዋር ሉካ እ.ኤ.አ. በ1882 ጽፎታል። ሕጉ አጭር ነው። መንታ ላይ ስትደርስ የመጣህበት ላይ አንድ ምልክት፣ የምትገባበት ላይ አንድ ምልክት አድርግ። ምልክት የሌለበትን አስቀድም። ወደ ድሮ መንታ በአዲስ መንገድ ከደረስክ በመጣህበት ተመለስ። ሁለት ምልክት ያለበትን ፈጽሞ አትግባ። ይህን የጠበቀ ሰው ዓምድ ቢበዛ፣ መንገዱ ቢጠላለፍ፣ በመጨረሻ ይወጣል። ሕጉ ድፍረትንም ጥሩ ዓይንንም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መንታውን አለመርሳት ብቻ ነው። የ1972 ቀያሾች በሜትርና በኮምፓስ ያደረጉት፣ የሶፍ ዑመር መሪዎችም ዞር እያሉ በዓይናቸው የሚያደርጉት በመሠረቱ ይኸው ነው።

ጎርፉ ሲመለስ

ከመንታው ሌላ የሚፈራ አንድ ነገር አለ። ዋሻውን የሠራው ጎርፍ አላለቀም። በባሌ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በበልግና በመኸር መግቢያ ወይብ ሲሞላ የወንዙ መንገድ ይዘጋል። ዋሻውን ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ሰው ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስላለበት በድርቁ ወራት ይሄዳል። ዋሻው ደጅ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ተራራው ላይ ሊዘንብ እንደሚችል ግን ለእንግዳ ሁሉ መንገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ 12 ታዳጊ የእግር ኳስ ተጫዋቾችና አሠልጣኛቸው ከገቡ በኋላ ዝናቡ መንገዱን ዘጋባቸው። የተገኙት ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሁሉም የወጡት ከ17 ቀን በኋላ ነው፤ ሳማን ኩናን የተባለ ጠላቂ እነሱን ለማዳን ሲሠራ ሞቷል። ልጆቹን በሕይወት ያቆየው ግን አንድ ውሳኔ ነበር፤ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ይዘው አንድ ላይ ተቀምጠው መጠበቃቸው።

ሶፍ ዑመር ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መንገዱ ሲሻሻል፣ ጎብኚ ሲበዛ፣ ያለ መሪ ልግባ የሚል ደፋርም መብዛቱ አይቀርም። ካርታው አለ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሁለተኛው ካርታ በመሪዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሁለቱን ማገናኘት፣ መሪዎቹን ቅየሳና ነፍስ አድን ማስተማር፣ በየአፉ የገባውንና የወጣውን ሰው መመዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፎፋ ተራራ ሥር አንድ መስመር ለማውጣት የወጣው ገንዘብና ብልሃት ትንሽ ክፋዩ እዚህ ይበቃል።

ከጂማም ከሌላም ወደዚያ የሚሄድ ሰው በበኩሉ የሚይዘው ጥቂት ነው። አንድ ባትሪ ሳይሆን ሦስት። የሚመለስበትን ሰዓት የሚያውቅ፣ ውጭ የሚቀር ሰው። መሪ፤ ከመሪውም ጋር በየመንታው ዞር ማለት። ይህ ሁሉ ተደርጎ መንገዱ ከጠፋ ደግሞ መፈለግን ማቆም። ፈላጊዎች በየመንታው ተከፋፍለው ይመጣሉ፤ ቁጭ ብሎ የጠበቃቸውን ሰው ከመንገዶቹ በአንዱ ማግኘታቸው አይቀርም። እየዞረ የሚፈልጋቸው ሰው ግን እነሱ አንዱን መንታ ሲጨርሱ እሱ ወደ ሌላው ተሻግሯል፤ አንዴ የፈተሹት መተላለፊያ ሁሉ እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል።